የኪሴ ክብሪት

ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። የሚያጨስ ሰውም ከቤቴ ደጃፍ አላሳልፍም ነበር። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ዓመታት ከኮቴ የውስጥ ኪስ ክብሪት ተለይቶኝ አያውቅም። ሰበታ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ነገሩን እንደየጠባያቸው ተርጉመውታል። የፋብሪካ ባልደረቦቼ "ቦይለር ጠባቂ አይደል፣ እሳት ሥራው ነው" ይሉ ነበር። ጎረቤቶቼ ደግሞ ከስስቴ የተነሣ ክብሪት እንኳ ለሚስቴ የማላምን አድርገው ያሙኝ ነበር። እውነቱን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን። ክብሪቱ ለበኩር ልጄ ነበር፤ ልጄ ግን አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ልጁ ገና ፊደል ሳይጨርስ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ይዤው ወጥቼ ሳለ፣ እጄን እንደያዘ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፤ ጥርሱ ገጠመ፤ እጅና እግሩ መሬቱን ይደበድብ ጀመር፤ ከአፉ አረፋ ወጣ። ቀና ብዬ የሚረዳኝ ሰው ስፈልግ፣ በዙሪያዬ የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ሸሽቶ ባዶ መሬት ላይ ቀርተናል። በአገራችን እንዲህ የወደቀን ሰው የነካ፣ ምራቁ የደረሰበት፣ በሽታው ይጋባበታል ይባላል። አንዲት ጨው ሻጭ ብቻ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ክብሪት ወረወረችልኝ።

"ለኩስና አስሸትተው" አለችኝ።

ለኮስኩ። ጭሱን ከአፍንጫው ሥር ያዝኩ። ጥቂት ቆይቶ ሰውነቱ ለቀቀ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። ክብሪት ባይለኮስም ይመለስ እንደነበር ኋላ ከመጽሐፍ አንብቤያለሁ። ያን ቀን ግን ልጄን ከሞት የመለሰችው ያቺ ትንሽ እንጨት መሰለችኝ። ለጨው ሻጯ ክብሪቷን መመለስ እንኳ ረሳሁ፤ ይዣት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላም ቤት ውስጥ ደጋግሞ ወደቀ። በመጨረሻ ሱሉልታ ካለ አንድ ጸበል ወሰድኩት። የዚያ አገር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጁ ከጸበሉ በታች ቆሞ እየጮኸ ሲንቀጠቀጥ፣ የብርዱ ይሁን የበሽታው መለየት አቅቶኝ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ስንቀጠቀጥ ከረምኩ። ይዤው ስመለስ ድኖ ነበር። ዳግም አልወደቀም። ለእሱም "ወባ ይዞህ ነበር" አልነው። የሚያስታውሰው ቀዝቃዛውን ውሃ ብቻ ነው። ባለቤቴ የበሽታውን ስም ከቤታችን አጠፋችው። መጥራት የግድ ሲሆን "ያ ነገር" እንል ነበር።

ድኗል ብዬ አምን ነበር። ክብሪቱን ግን ከኪሴ አላወጣሁም።

የምሠራበት ፋብሪካ ከከተማው በታች ነበር። ማሽኖቹን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ በቦይ ወርዶ ከአንድ ሰፊ የግንብ ገንዳ ይጠራቀማል፤ እዚያ በርዶ እንደገና ወደ ማሽን ይመለሳል። በክረምት ጠዋት የገንዳው እንፋሎት ከፉሪ ኮረብታ ይታያል ይሉ ነበር። የሠራተኛው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዘበኛው ዞር እስኪል ይጠብቁና ይገቡበታል። ሌላ ቦታ ውሃው በረዶ ስለሆነ፣ የሰበታ ልጆች ዋና የለመዱት በዚህ ሙቅ ገንዳ ነው። ልጄን ከገንዳው እንዳይደርስ በቀበቶ አስፈራርቼዋለሁ። ለምን ሲለኝ "የሰው ንብረት ነው፤ ሳይፈቀድ መግባት ስርቆት ነው" አልኩት። ይህ እውነት ነው። የፈራሁት ግን ስርቆቱን አልነበረም።

አንድ ቀን የገንዳውን መዝጊያ ለማየት ስወርድ፣ ልጄን ውሃው መካከል በጀርባው ተንሳፍፎ አገኘሁት። አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ተከድኗል፤ እጆቹ እንደ መስቀል ተዘርግተዋል። እኔ ዋና አላውቅም። በአንድ እጄ የገንዳውን ጠርዝ ያዝኩ፤ በሌላው እጄ ክብሪቱን አወጣሁ። አውጥቼም ቆምኩ። ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ክብሪት ምን ይሠራል? ጭሱን ከአፍንጫው ሥር የማደርሰው በምን ተራምጄ ነው? ያን ጊዜ የገባብኝ ፍርሃት ከዚያ በፊት የማውቀው ዓይነት አልነበረም። በገበያው ቀን ቢያንስ መሬት ነበረን።

ልጁ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

"አባባ፣ ዘበኛው መጣ እንዴ?" አለኝ።

ቀበቶዬን አልፈታሁም። "ውጣ" ብቻ አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ብከለክለው ተደብቆ ይገባል፤ ተደብቆ የገባን ሰው ደግሞ ሲሰምጥ የሚያየው የለም። ስለዚህ አለቃዬን ለምኜ አስፈቀድኩለትና ሕግ አወጣሁ። እኔ በሌለሁበት አይገባም። ከገባም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ብቻ ይዋኛል።

"በደረት መዋኘት ምን ክፋት አለው?" አለኝ።

"ፊቱን ወደ ሰማይ ያደረገ ሰው ፈጣሪውን አይረሳም" አልኩት።

ልጆቼን ያሳደግሁት በእንዲህ ያለ ቃል ነው፤ አባባሉም ዛሬም ያምረኛል። ነገር ግን ፊቱን ወደ ላይ ያስደረግሁት እንዳየው ብዬ ነው። ዓይኑ ቢገለበጥ፣ አፉ ቢጣመም፣ ወዲያው ላውቅ። ልጄ በአገሪቱ ስሙ የተጠራ የጀርባ ዋናተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ችሎታው ጋዜጣ ላይ የጻፉ ሰዎች አቋሙንና የክንዱን ርዝመት አመስግነዋል። የአባቱ ፍርሃት እንደ ሠራው የሚያውቅ አልነበረም።

ለሁለተኛ ደረጃ አዲስ አበባ ሲገባ አንድ የዋና አሰልጣኝ አየው። አሰልጣኙ ምፅዋ ባሕር ላይ በወታደርነት ያገለገለ፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር። ልጁ በጀርባ ዋና በተወዳደረ ቁጥር ይቀድም ጀመር። የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቆይቶ የራሱን መልሶ ሰበረ። እኔ ውድድር ባለ ቁጥር ከሰበታ አውቶቡስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። ሰው ለጭብጨባ ሲሄድ እኔ ለጥበቃ ነበር የምሄደው። ከተመልካች ጋር አልቀመጥም። ፊሽካ ሲነፋ በመዋኛው ዳር ዳር፣ ከልጄ ራስ ትይዩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ እራመዳለሁ፤ ሲመለስ አብሬው እመለሳለሁ።

"አባባ፣ ከጠርዙ ይራቁ፣ ይወድቃሉ" ይለኛል አንዱ ዳኛ።

"ልጄን ነው የማየው።"

"እኛስ ማንን እያየን ነው?"

"እናንተ እጁን ነው የምታዩት" አልኩት።

መዋኛው ስድስት መስመር ነበረው። ዋናተኞቹ ለእኔ "ሰባተኛው መስመር" የሚል ስም አወጡልኝ። ስገባ "ሰባተኛው መስመር መጣ" ይባባላሉ። ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ሰው በሚስቅብህ ጊዜ ምክንያቱን ባያውቅ ይሻላል።

በዚያ ዘመን የመቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ ክብረ ወሰን የቡራዩ ልጅ ነበር። ነጻ ቀዘፋ ማለት ዋናተኛው በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ለትንፋሽ ብቻ ወደ ጎን ቀና እያለ የሚዋኘው ነው። የቡራዩ ልጅ የገበሬ ልጅ ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ሳቁ ቅርብ፣ ዋናን ከወንዝ የተማረ። አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ላይ ነበር የሚናገረው። እሱንም የሚያሠለጥነው ያው አሰልጣኝ ነበር። ባየኝ ቁጥር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ "አካም ጅርቱ፣ አባባ?" ይለኛል። እንደ ሌሎቹ በቅጽል ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

አንድ እሑድ አሰልጣኙ ሰበታ ድረስ መጣ። ከተቀመጠ በኋላ ወደ ጉዳዩ ለመግባት አልዘገየም።

"ልጅዎን ልገለብጠው ነው" አለኝ።

"ምን ልታደርገው?"

"በደረቱ ላዋኘው። በጀርባው እኮ ተወዳዳሪ የለውም። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? የቡራዩን ልጅ የሚስተካከል ሰው ካለ እሱ ነው።"

"በጀርባው ይበቃዋል" አልኩ። "ፊቱን ወደ ሰማይ ያደረገ ሰው ፈጣሪውን አይረሳም።"

"እግዜር ከውሃ ሥርም ያያል አባባ። የማያየው ሰዓት ያዡ ነው።"

ባለቤቴ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። የሌለኝን ምክንያት እየፈለግሁ፣ ያለኝን ምክንያት እየደበቅሁ፣ እንደ ግትር ሰው ተቆጠርኩ። ልጁ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዓይኑን አየሁት። በሕይወቱ እንደዚያ የፈለገው ነገር አልነበረም። "እሺ" አልኩ።

አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ለባለቤቴ "ለዚህ ሰው ልንገረው" አልኳት።

"ምኑን?"

"ያን ነገር።"

የያዘችውን ዕቃ አስቀመጠች። "ድኗል እኮ። የዳነን ነገር ስሙን መጥራት ምንድን ነው? መልሰው ሊጠሩት ነው? ደግሞስ ወሬው ከወጣ እህቶቹን ማን ያገባቸዋል? ዘራቸው ነው ይባላል።"

ይህ ከንቱ ቃል አልነበረም። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የሚጠየቀው ዘር ነው፤ ያ በሽታ ያለበት ቤት ደግሞ ደጁን የሚረግጥ ሽማግሌ አያገኝም። ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ አማከርኳቸው።

"ጸበሉ አድኖታል ብለህ ታምናለህ?" አሉኝ።

"አምናለሁ፣ አባ።"

"ታዲያ ኪስህ ውስጥ ያለው ክብሪት ምንድን ነው?"

እምነት ቢኖረኝ ክብሪቱን እጥለው ነበር። ባይኖረኝ ደግሞ ልጁን ከውሃ አወጣው ነበር። እኔ ግን በሁለቱ መካከል ቆሜ፣ ልጁን ወደ ውሃ እየላክሁ ክብሪቱን ጨብጫለሁ። ከውጭ ላየኝ ጽኑ ሰው ነበርኩ።

ለአሰልጣኙ መንገር ካልተቻለኝ ለጉዳዩ ባለቤት፣ ለልጁ መንገር እንዳለብኝ ቆረጥኩ። አካሉ የእሱ ነው፤ የሚሰምጠውም እሱ ነው። በደረቱ ጥቂት ወራት ተለማምዶ ለበዓል በገባ ጊዜ፣ ቅዳሜ ምሳዬን ይዞ ቦይለር ቤት ሲመጣ በሩን ዘጋሁ። የቦይለሩ ጩኸት ቃላችንን ከውጭ አያሰማም። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ቁጥር ደግሞ የለየሁት ከዚሁ ቦይለር የግፊት መለኪያ ላይ ነው። መርፌው ቀዩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ መክፈቻውን ዞር አድርጎ እንፋሎቱን ማስተንፈስ ነው። ያን ቀን ግን አፌን መክፈት ተሳነኝ። ምሳውን በልቼ ስጨርስ ነው የተናገርኩት።

"ሕፃን ሳለህ የታመምከው ወባ አልነበረም።"

ከዚያ ሁሉን ነገርኩት። ገበያውን፣ የሸሹትን ሰዎች፣ ሱሉልታን። ስሙንም ጠራሁት። ልጁ ባዶውን ሳህን ይዞ ቆሞ ሰማኝ።

"ታዲያ ክብሪቱ ለዚህ ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

"ለዚህ ነው።"

"እኔ እኮ ተደብቀው የሚያጨሱ መስሎኝ ነበር። ስምዎ እንዳይጠፋ ብዬ ለእህቶቼ እንኳ አልነገርኩም።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን አልሳቀም። እጆቹን እያገላበጠ ያያቸው ነበር፤ ገና የተሰጡት ይመስል።

"እንደገና ይመጣል?"

"አላውቅም።"

"ሲመጣ ያስታውቃል?"

"አንተ አታውቀውም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ፊትህን ካየሁ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ውሃ መግባት ተወ። ትምህርት ቤቱ ለበዓል ዘግቶ ስለነበር ሰበታ ከርሟል፤ ገንዳው ግን አልደረሰም። ፊቱን ሲታጠብ እንኳ በአንድ እጁ የሳፋውን ጠርዝ ይይዛል። መንገድ ስንሄድ ከገደል በኩል እኔን ያስቀድማል። ለልጄ የማወርሰው መሬት አልነበረኝም። ያለኝን ፍርሃት ግን በአንድ ምሳ ሰዓት ሙሉውን አስረከብኩት። እውነት መናገር ሁልጊዜ ያሳርፋል የሚሉ ሰዎች እውነቱ የሌላ ሰው ሲሆን አይተው አያውቁም።

አሰልጣኙ "የት ጠፋ?" እያለ መልእክት ላከ። ውድድሩ ሲቃረብ ልጁ አንድ ጠዋት ከአጥር ውጭ አገኘኝ።

"ለአሰልጣኙ ብነግረው ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ከውሃ ያስወጣሃል።"

"ባልነግረውስ?"

"ብትወድቅ የሚሆነውን የሚያውቅ አይኖርም። ቀልድ ይመስላቸዋል። ሲያውቁም ሊነኩህ ይፈራሉ።"

"ሁሉም?"

"በገበያው ቀን ሁሉም ነው የሸሸው።"

"እንግዲያው የማይሸሽ አንድ ሰው ልፈልግ" ብሎ ዕቃውን ሊያዘጋጅ ገባ። ማንን እንደሚፈልግ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በልቤ አሰልጣኙ ነው ብዬ ነበር።

የውድድሩ ቀን መዋኛው ሰው በሰው ሆኖ ነበር። ከፊት ለፊት ምንጣፍ ተነጥፎ መኳንንት ተቀምጠዋል። ሰማዩ ዳምኗል፤ ነፋሱ ውሃውን ይጨማድደዋል። እኔ ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን ከአሰልጣኙ ላይ አልነቀልኩም። ልጄ ነግሮት ከሆነ ከሁኔታው ማወቅ አለብኝ። አሰልጣኙ ግን እንደ ወትሮው ነበር፤ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አንዱን ይሳደባል፣ ሌላውን ያስቃል፣ ልጄን ከሌሎቹ ለይቶ አላየውም። በውሃው ዳር የቆመ ረዳትም የለም። አልነገረውም ማለት ነው። ለማንም አልነገረም።

የቡራዩ ልጅ ከልጄ ቀጥሎ ባለው መስመር ነበር። ወደ መነሻው ሲያልፍ ጎንበስ አለልኝ። "አካም ጅርቱ፣ አባባ?" አለ፤ ሳቁ ግን አልነበረም። ክብረ ወሰኑን ሊያጣ ስለሆነ ፈርቷል ብዬ ተረጎምኩት።

ክብሪቱን ከኪሴ አውጥቼ በቀኝ እጄ ጨበጥኩ። ኪስ ውስጥ ካለ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነው። አልፎ አልፎ ብልህ ነኝ እላለሁ፤ በፍርሃት ጊዜ ግን ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው።

ዘለሉ። ልጄ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ርቆ ወጣ። እኔም መራመድ ጀመርኩ። አሁን የማየው ፊት የለም። የማየው ጀርባውን፣ የሚወጣና የሚገባ ክንድ፣ ነጭ ውሃ የሚረጭ እግር ነው። ለትንፋሽ ቀና ሲል ግማሽ ፊት ብቻ ብቅ ይላል፤ አየሁት ከማለቴ ይጠፋል። ብቅ ሲል እኔም እተነፍሳለሁ፤ ሲጠፋ ትንፋሼን እይዛለሁ። ክንዱ ሲወናጨፍ ከገበያው መሬት ላይ ያየሁትን እጅ ያስታውሰኛል። ዋና ይሁን መንቀጥቀጥ በምን እለያለሁ? ተመልካቹ ይጮሃል። ዙሪያዬን አልሰማም።

የቡራዩን ልጅ ያየሁት የልጄን ፊት ስፈልግ ነው። ትንፋሽ ሲወስድ ፊቱ ወደ ልጄ ነበር። ዞረው ሲመለሱም ፊቱ ወደ ልጄ ነው። ይህ ለምን እንደገረመኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። እኩል ነበሩ።

የመጨረሻውን ግድግዳ ገፍተው ሲመጡ የልጄ ፊት አልወጣም። ክንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ፊቱ ግን የለም። ጠበቅሁ። አልወጣም። አሁንም አልወጣም። ዋናተኛ መጨረሻው ላይ ትንፋሹን ይዞ እንደሚጨርስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። መጣ ብዬ አሰብኩ። ያ ነገር መጣ። ክብሪቱን ይዤ ወደ ፊት ተራመድኩ፤ አንዱ ጫማዬ ውሃ ውስጥ ገባ። ዳኛው ኮሌታዬን ያዘኝ። በዚያችው ቅጽበት የቡራዩ ልጅ መቅዘፉን ትቶ ራሱን ከነአንገቱ ከውሃ አወጣና ወደ ልጄ ተመለከተ። አሰልጣኙ ሲያንባርቅበት ሰማሁ። እሱ ግን አንድ ጊዜ ልጄን አየ፤ እያየም ክንዱን ወደዚያ ዘረጋ።

ልጄ ግድግዳውን ነካ። ቀና አለ። ዓይኑ እንዳለ ነበር፤ አፉ እንዳለ ነበር። ሳል ያዘውና ሳቀ።

ሰዓት ያዦቹ ተሰብስበው ተማከሩ። ከዚያ አዲስ የአገሪቱ ክብረ ወሰን መሆኑ ተነገረ። ሰው ተነሣ፣ አጨበጨበ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠኝ አላውቅም።

ልብስ መቀየሪያው ኋላ ስደርስ አሰልጣኙ የቡራዩን ልጅ አቁሞ ይቆጣዋል።

"በቀኝህ እየተነፈስክ ነው ያንን ሰዓት ያመጣኸው። ዛሬ ስትመለስ በግራህ የተነፈስከው ምን ሆነህ ነው? መጨረሻው ላይስ እንደ ዔሊ አንገትህን ያወጣኸው?"

"ቀኝ ጆሮዬ ውሃ ገብቶበት ነው" አለ ልጁ።

"ለሃያ ዓመት ወንዝ ውስጥ ስትዋኝ ያልገባ ውሃ ዛሬ ገባ?"

"ቀጠሮ ኖሮት ይሆናል" አለና ዋናተኞቹን አሳቃቸው። አሰልጣኙ እየተራገመ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቀኝ የለመደ ሰው ሲሄድ ፊቱ ወደ ልጄ ነው፤ ሲመለስ ግን ልጄ በግራው ይሆናል። እሱን ላለማጣት ነው ያለ ልማዱ በግራ የተነፈሰው። ወደ እርሱ ሄድኩ።

"ነግሮሃል?" አልኩት።

"ነግሮኛል፣ አባባ።"

"ሁሉን?"

"ሁሉን። 'ብሰምጥ ትነካኛለህ?' አለኝ። እህቴም ያው ነገር አለባት። እናቴ ወጥ ስትሠራ እህቴ ምድጃው ውስጥ ወድቃ፣ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ይኸው አልያዘኝም።" ክንዱን ዘረጋልኝ፤ ከክርኑ በታች የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቼው የወንዝ ድንጋይ የፋቀው መስሎኝ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሙን ያልጠራሁትን ነገር፣ ይህ ልጅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰው እየሰማ ይናገራል።

"ክብረ ወሰንህን አሳጣንህ" አልኩት።

"የት ይሄዳል? ሰበታ ቅርብ ነው፣ መጥቼ እወስደዋለሁ። ልጁም ብርቱ ነው፤ በቀኜ ብተነፍስ እንኳ እቀድመው እንደሆነ አላውቅም።" ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሂን ሶዳቲና፣ አባባ።" አይፍሩ ማለቱ ነው። "እኔም እኮ ፈርቻለሁ። መጨረሻው ላይ ፊቱ ሲጠፋብኝ ልቤ ነው የወጣው።"

በሚቀጥለው ዓመት መጥቶ ወሰደው። ልጄ ከራሱ ድል በላይ በዚያ ቀን ደስ ሲለው አይቻለሁ። ያ ነገርም ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሷል፤ በገዛ ቤቱ፣ በደረቅ ወለል ላይ። ባለቤቱ ይዛው ቆይታለች። ሳይጋቡ ነግሯት ነበርና አልሸሸችም። እህቶቹንም ያገቧቸው ሰዎች ሰምተው ነው ያገቧቸው፤ የቀረም አለ፣ ይቅር።

ወደዚያ ቀን ልመለስና ልጨርስ። ብርዱ ጠንቶ ዋናተኞቹ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። የመዋኛው ዘበኛ ከመቀየሪያው ኋላ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ሰብስቦ ከምሮላቸዋል።

"ክብሪት ያለው?" አለ አንዱ።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። የቡራዩም ልጅ አየኝ። እጄን ያኔ ነው ያየሁት፤ እስከዚያ ድረስ እንደተጨበጠ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። የክብሪቱ ቤት እንደ እርጥብ ቂጣ ለስልሶ መዳፌ ላይ ተጣብቋል። አንዱን እንጨት አውጥቼ ጫርኩ፤ ራሱ ተልጦ ቀረ። ሌላውን ጫርኩ፤ እሱም ያው። ደጋግሜ ሞከርኩ። ውሃ አልነካውም ነበር፤ ጫማዬ እንጂ እጄ ከመዋኛው አልደረሰም። ላቤ ነው ያራሰው። ልጄ ቢወድቅ ኖሮ የማስሸትተው ጭስ አልነበረኝም ማለት ነው፤ ምናልባት ከዚያ በፊት በነበሩት ውድድሮችም አልነበረኝም።

ዋናተኞቹ ዙሪያዬን ቆመው፣ እየተንቀጠቀጡ ያዩኛል። የቡራዩ ልጅ ጎንበስ ብሎ መዳፌን ተመለከተ።

"አባባ" አለኝ፣ "እርስዎም ዋኝተዋል እንዴ?"